ዊንዶውስና ሊኑክስ በትምህርት ቤትና በጽሕፈት ቤት፦ የተለመደው ንጽጽር ሲመረመር

1. መግቢያ

ኮምፒውተር የዩኒቨርሲቲዎችና የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ንብረት የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሀደሮና እነዚህን በመሰሉ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች መምህሩ የፈተና ወረቀቱን፣ ርእሰ መምህሩ ሪፖርቱን፣ የወረዳው ሠራተኛ ደብዳቤውን በኮምፒውተር ማዘጋጀት የዘወትር ሥራ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በመሣሪያው መጠቀም መቻል ለተማሪው ተጨማሪ እውቀት መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ዕድሉን የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

በዚህ መካከል አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይነሣል። ይኸውም ኮምፒውተሮቹ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሥሩ? በተለመደው በዊንዶውስ ወይስ ያለ ክፍያ በሚገኘው በሊኑክስ? የሚለው ነው። ጥያቄው አዲስ ባይሆንም አሁን አጣዳፊ ያደረገው ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እንግዲህ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠሩ ኮምፒውተሮች ያሉት ትምህርት ቤት ከሦስት መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ መደበኛ ጥበቃው በተቋረጠ ሥርዓት መቀጠል፣ አዲስ መሣሪያ መግዛት፣ ወይም አሮጌውን መሣሪያ በሌላ ሥርዓት ማሠራት።

ሁለቱን ሥርዓቶች የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች በብዛት ይገኛሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚለኩት ማሽኑን ነው፤ የትኛው ፈጥኖ ይነሣል፣ የትኛው መልኩ ያምራል፣ የትኛው ብዙ ጨዋታ ያሠራል እያሉ ያወዳድራሉ። በሀደሮ ያለው ተራ ተጠቃሚ የሚጠይቀው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ማን ያስተካክለዋል? የጻፍኩት ጽሑፍ ነገ ይነበባል ወይ? ያወቅሁት ነገር ኮምፒውተሩ ሲለወጥ ያገለግለኛል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተለመደውን ንጽጽር በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መመርመርና ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች የሚጠቅም ፍርድ ላይ መድረስ ነው።

2. ሁለቱ ሥርዓቶች በአጭሩ

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያስተዳድርና ለሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ መሠረት የሚሆን ፕሮግራም ነው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ፊት ለፊት የሚያየው የጽሕፈት ፕሮግራሙን ቢሆንም፣ በኪቦርድ የተመታውን ተቀብሎ በስክሪን የሚያሳየው፣ በዲስክ የሚያስቀምጠውና ወደ ፕሪንተር የሚልከው ይኸው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው።

ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ በተለይ ከ1995ቱ እትም ወዲህ በግል ኮምፒውተሮች ላይ በዓለም በብዛት የሚሠራበት ሥርዓት ሆኗል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ምንጭ በኩባንያው እጅ ተይዟል። ተጠቃሚው የሚገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን በፕሮግራሙ የመጠቀም ፈቃድን ነው።

የሊኑክስ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሥርዓቱን እምብርት ጽፎ ለሕዝብ ለቀቀ። የሁለቱ ሥራ በመጣመሩ ዛሬ ሊኑክስ የሚባለው ቤተሰብ ተገኘ። ቤተሰብ የተባለበት ምክንያት አንድ ሳይሆን ብዙ በመሆኑ ነው፤ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና ሌሎችም አሉ። ከእነዚህ መካከል ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሣሽነት የወጣ ሲሆን፣ ስሙም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደና ሰብአዊነት የሚል ፍች ያለው ነው።

ሊኑክስ ለሀገራችን ሕዝብ ፈጽሞ እንግዳ ነው የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። አንድሮይድ የሚባለው የእጅ ስልክ ሥርዓት የተመሠረተው በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው። በሀደሮ ገበያ አንድሮይድ ስልክ ይዞ ገንዘብ የሚልክ ነጋዴ ስሙን ባያውቀውም ከሊኑክስ ጋር ይሠራል። እንግዳ የሆነው በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው መልኩ ነው።

3. የተለመዱት አራት አስተያየቶች

ሁለቱን ሥርዓቶች ለማወዳደር የሚቀርቡት አስተያየቶች ብዙ ቢሆኑም በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው የእውነት ክፍል አላቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚደብቁት ነገር አለ።

የመጀመሪያው «ዊንዶውስ ቀላል፣ ሊኑክስ አስቸጋሪ ነው» የሚለው ነው። ዛሬ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን በመሰሉ ሥርዓቶች ፋይል መክፈት፣ መጻፍ፣ ማተምና ኢንተርኔት መጎብኘት በመዳፊት ጠቅ እያደረጉ የሚፈጸም ሥራ ነው። ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ተማሪ ሁለቱም እኩል አዲስ ናቸው። ስለሆነም ቀላልነቱ ከፕሮግራሙ ተፈጥሮ ይልቅ ከልማድ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ልማድ ተራ ነገር አይደለም። አንድ መምህር ሲቸግረው ጎረቤቱን፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ልጅ ወይም የጥገና ባለሙያውን ይጠይቃል፤ የእነዚህ ሁሉ እውቀት የዊንዶውስ እውቀት ነው። አስተያየቱ ስለ ፕሮግራሙ ስሕተት ቢሆንም ስለ ከተማው እውነት ነው።

ሁለተኛው «ሊኑክስ ነፃ ነው» የሚለው ነው። በአማርኛ ነፃ የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ማለትም ይሆናል፣ ከሌላ ሰው ሥልጣን ውጭ የሆነ ማለትም ይሆናል። የሊኑክስ ዋና ጠባይ ሁለተኛው ነው፤ ማንም ቀድቶ ቢያካፍለው፣ ቢመረምረውና ቢለውጠው ሕግ አይከለክለውም። የዋጋው ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ለፈቃድ ባይከፈልም ለሥልጠና፣ ፋይሎችን ለመለወጥና ለጥገና ይከፈላል። በሌላ በኩል በብዙ ቦታ ዊንዶውስም በተግባር ያለ ዋጋ እንደሚገኝ ነገር ተቆጥሯል፤ ፈቃድ የሌለው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋልና። በመሆኑም «ሊኑክስ አያስከፍልም» የሚለው ክርክር ለዊንዶውስ ከፍሎ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም።

ለመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ነገሩ እንደዚህ ሊታለፍ አይገባም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ለአንድ ኮምፒውተር የዊንዶውስ 11 የቤት እትም በአሜሪካ የችርቻሮ ዋጋው 139 ዶላር ሲሆን፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲሰላ ሸክሙ በእጅጉ ጨምሯል። ስለ ሥነ ምግባር በሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪው የመጀመሪያ የኮምፒውተር ትምህርቱን በተሰረቀ ቅጂ እንዲማር ማድረግ ከሕጉ ባሻገር የማስተማር ጥያቄም ነው።

ሦስተኛው «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው ነው። በፍላሽ ዲስክ የሚዛመቱት፣ ፎልደሮችን ደብቀው በቦታቸው አሳሳች ምልክት የሚተክሉት ቫይረሶች የተጻፉት ለዊንዶውስ ነው፤ በሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ነገር ግን የሊኑክስ ኮምፒውተር ራሱ ሳይታመም የተበከለውን ፋይል ተቀብሎ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። የሀደሮ አካባቢ ገበሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አካባቢው በዝንጅብል የታወቀ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው አጠውላጊ በሽታ ምርቱን ክፉኛ ጎድቶታል። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ለዘር ከጎረቤት የሚወሰደው ግንድ ነው። ጤነኛ መስሎ የሚታየው ዘር በሽታውን ተሸክሞ ይገባል። ምንጩ ያልታወቀ የዊንዶውስ ቅጂም እንዲሁ ነው፤ ፈቃዱን ለመስበር የተጨመረው ትንሽ ፕሮግራም ምን ይዞ እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የደኅንነቱ ልዩነት የሚመነጨው ከፕሮግራሙ አሠራር ብቻ ሳይሆን ቅጂው ከየት ተገኘ ከሚለውም ጭምር ነው። ሊኑክስ ከአሳታሚው ዘንድ በቀጥታና በሕጋዊ መንገድ ሊወሰድ መቻሉ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

አራተኛው «ለዊንዶውስ ያልተሠራ ፕሮግራም የለም» የሚለው ነው። ይህ ከአራቱ ይልቅ ጠንካራው ነው። በሀገራችን የሒሳብ ሠራተኞች ሲሠለጥኑበት የኖሩት ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ተፈታኙ ሌላ ገጽ እንዳይከፍት የሚቆልፉ አንዳንድ የፈተና ፕሮግራሞችም ለሊኑክስ አልተዘጋጁም። የአንዳንድ ፕሪንተሮች ማሠሪያ ፕሮግራምም በሊኑክስ አይገኝም ወይም አጥጋቢ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው ለማን? መሆን አለበት። ለሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ይህ ችግር ወሳኝ ነው። ፋይል ማስቀመጥ፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራትና የፕሮግራም አጻጻፍ መጀመሪያን ለሚማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ምንም አይደለም፤ እነዚህ ሁሉ በሊኑክስ ላይ ተሟልተው ይገኛሉና።

4. የፊደል ጉዳይ

በውጭ ሀገር የተጻፉት ንጽጽሮች ፈጽሞ የማያነሡት፣ ለእኛ ግን ዋና የሆነው ጉዳይ የጽሑፍ ቅርስ ነው።

የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት መለያ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ በአማርኛ ይጻፍ የነበረው ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ለሀገሪቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ያለ እነርሱ የመሥሪያ ቤቶች አማርኛ ወደ ኮምፒውተር ባልገባ ነበር። አሠራራቸው ግን ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ መሳል ስለ ነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተሩ «ሀ»ን እንደ ሀ አያውቀውም፤ ሊፈልገው ወይም በፊደል ተራ ሊደረድረው አይችልም።

ከዚህ የተነሣ በዊንዶውስ የሚጽፉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከዊንዶውስ ጋር የታሰሩ የሚመስላቸው በፕሮግራሙ ምክንያት ሳይሆን በእነዚህ አሮጌ ፎንቶች ምክንያት ነው። እስራቱ በራሱ በዊንዶውስ ላይም ችግር ይፈጥራል፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ካልተመለሰ የዓመታት ደብዳቤ አይነበብም። በአንጻሩ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በሁለቱም ሥርዓቶች፣ በእጅ ስልክም ጭምር ይነበባል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ወጥቷል። ለሊኑክስም አቢሲኒካንና ኖቶን የመሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፎንቶች አሉ። ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራምም በሁለቱም ላይ ይሠራል። ስለዚህ በፊደል ረገድ መመረጥ ያለበት ከዊንዶውስና ከሊኑክስ አንዱ ሳይሆን ከአሮጌው ፎንትና ከዩኒኮድ አንዱ ነው። ይህ ምርጫ ሳይፈጸም ወደ ሊኑክስ የሚዞር መሥሪያ ቤት መዝገቡን በገዛ እጁ ይቆልፋል።

ከምባትኛና ሐዲይኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ የአጻጻፍ ችግራቸው ከአማርኛ ያነሰ ነው። ሆኖም ሌላ ጥያቄ አለ። ፋይል፣ አስቀምጥ፣ ዝጋ የሚሉት የስክሪን ትእዛዞች በእነዚህ ቋንቋዎች ሊቀርቡ ይችላሉ ወይ? በዊንዶውስ ይህ ኩባንያው ሲወስን ብቻ የሚሆን ነው። በሊኑክስና ከእርሱ ጋር በሚሠሩት ፕሮግራሞች ግን የቋንቋው ተናጋሪ የሆኑ መምህራን ራሳቸው መተርጎም ይችላሉ፤ ፈቃዱ ይህን መብት ሰጥቷቸዋል። መብቱ ብቻውን ሥራውን አይሠራም። ነገር ግን በሆሳዕና ለሚገኙት ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ለመምህራን ትምህርት ኮሌጁ የቋንቋና የኮምፒውተር ክፍሎች በጋራ ሊይዙት የሚችል፣ ለተማሪዎችም የመመረቂያ ሥራ ሊሆን የሚበቃ ጉዳይ ነው።

5. ጥገናና የኢንተርኔት ችግር

በአነስተኛ ከተሞች የኮምፒውተር ጥገና በአንድ ቃል ይጠቃለላል ማለት ይቻላል፤ እርሱም ፎርማት ነው። ማሽኑ ቢዘገይ፣ ቫይረስ ቢገባው፣ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ቢል መድኃኒቱ ሁሉን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ ገና መጫን ነው። ይህ አሠራር ኮምፒውተሩን ያስነሣል፤ ምክንያቱን ግን አያስተምርም፣ ፋይልም ያስጠፋል። ያም ሆኖ አገልግሎቱ በቅርብ ይገኛል። ሊኑክስን የሚጠግን ሰው ግን በአብዛኞቹ ትናንሽ ከተሞች በቀላሉ አይገኝም። አንድ ትጉህ መምህር የትምህርት ቤቱን ክፍል በሊኑክስ አደራጅቶ ሲያበቃ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር፣ የሚተካው መምህር በመጀመሪያው ብልሽት ማሽኖቹን ፎርማት ማስደረጉ አይቀርም።

የኢንተርኔት ጉዳይም በሁለት በኩል ይታያል። ዊንዶውስ ማሻሻያውን በራሱ ጊዜ ስለሚያወርድ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው የተገዛው ዳታ ሳይታሰብ ሊያልቅ ይችላል። በአንጻሩ ለዊንዶውስ የሚሆን ፕሮግራም በፍላሽ ዲስክ ከሰው ሰው እየተላለፈ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። በሊኑክስ ማሻሻያው መቼ እንደሚደረግ ተጠቃሚው ሊወስን ቢችልም፣ ሥርዓቱ አዲስ ፕሮግራም ሲፈለግ በተለመደው መንገድ ከኢንተርኔት ማከማቻ እንዲወርድ ይጠብቃል። የሊኑክስ ደጋፊዎች ይህን ጉድለት ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ የእነርሱ ኢንተርኔት አይቋረጥምና። መፍትሔው የማከማቻውን ቅጂ በአንድ ትልቅ ዲስክ ይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ማዞር ነው። ሥርዓቱም ይህን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሚያዘጋጀው አካል አስቀድሞ መመደብ አለበት።

6. ከተደረጉ ሙከራዎች የሚገኝ ትምህርት

ሀገራችን በዚህ ረገድ የራሷ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓላማ የተሠሩ 5,000 ያህል ኤክስኦ የተባሉ ትናንሽ ኮምፒውተሮች በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ የተወሰኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰጥተው ነበር። ማሽኖቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ የማስታወሻ አቅማቸው 256 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይስላሉ፣ የመማሪያ መጻሕፍትም ይይዛሉ። ኪቦርዳቸውም የግዕዝ ፊደል ነበረው። በወቅቱ ሥራውን የተከታተሉ አጥኚዎች ካመለከቱት ችግር ዋናው ማሽኑ አልነበረም። በመምህሩ ንግግርና በሰሌዳ ላይ በተመሠረተው የማስተማር ዘዴ ውስጥ ኮምፒውተሩ ቦታ ስላልተዘጋጀለት፣ ብዙ መምህራን እንደ መጫወቻና ትምህርትን እንደሚያውክ ነገር ቆጠሩት። እንግዲህ ሙከራው ሊኑክስ በኢትዮጵያ ሕፃን እጅ ሊሠራ መቻሉን አሳይቷል፤ መምህሩን ያላዘጋጀ ለውጥ ሥር እንደማይሰድም እንዲሁ አሳይቷል።

ከውጭ ሀገር ሁለት ምሳሌዎች ይጠቀሳሉ። በጀርመን የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስኖ እስከ 2013 ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አዛውሯል፤ በ2017 ግን ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ፋይል መለዋወጥ ማስቸገሩ፣ የአስተዳደሩ አደረጃጀትና የመሪዎች መለወጥ በክርክሩ ሁሉ ተነሥተዋል። በሕንድ የኬራላ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ነፃ ሶፍትዌር ዞሮ እስከ ዛሬ ጸንቷል። የኬራላ ልዩነት በሦስት ነገሮች ላይ ነው። የሌሎች ትምህርቶች መምህራን ራሳቸው አሠልጣኝ ሆኑ፤ ሥርዓቱ ለትምህርቱ እንዲስማማ ተደርጎ በአካባቢው ቋንቋ በማላያላም ጭምር ቀረበ፤ ፈተናውም በዚያው ሥርዓት ተሰጠ። ሙኒክ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኬራላ ትምህርት ቤት ነው። መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር በየቀኑ ፋይል ስለሚለዋወጥ ብቻውን ሊለይ ይቸግረዋል። ትምህርት ቤት ግን ዋና ሥራው ማስተማር ስለሆነ፣ መምህሩ ከተዘጋጀ በራሱ ሥርዓት ሊቆም ይችላል።

7. የትምህርቱ ይዘት

ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤቶቻችን የኮምፒውተር ትምህርት ሲባል በአብዛኛው የዊንዶውስና የማይክሮሶፍት ዎርድ ትምህርት ማለት ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ተማሪው ተቀጥሮ ሲሠራ የሚያገኘው እርሱን ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ክብደት አለው፤ የገጠር ከተማ ልጅ በሥራ ቅጥር ፈተና ላይ ዎርድን አላውቅም ብሎ እንዲቀር የሚፈልግ መምህር የለም።

ይሁን እንጂ ምክንያቱ በራሱ ታሪክ ይፈተናል። በ2003 እትም የዎርድን ዝርዝር ትእዛዞች በቦታቸው የሸመደደ ሠልጣኝ፣ ኩባንያው በ2007 እትም መልኩን ሲለውጠው ያወቀው ሁሉ ጠፋበት። የዊንዶውስ 7ን መነሻ ያጠና ሰው በዊንዶውስ 8 ሲደናገር ታይቷል። በአንጻሩ ፋይልና ፎልደር ምን እንደሆኑ፣ ማስቀመጥ ከመዝጋት በምን እንደሚለይ፣ የአርእስት አወቃቀር ለምን እንደሚጠቅም፣ ቅጂ ማስቀረት ለምን እንደሚያስፈልግ የተረዳ ተማሪ በየትኛውም ሥርዓት ላይ ቢቀመጥ መንገዱን ያገኛል። በቦታ የታወቀ እውቀት ቦታው ሲለወጥ ይጠፋል፤ በአሳብ የታወቀው ግን አብሮ ይሄዳል። አንድን ሥራ፣ ለምሳሌ የክፍል ውጤት ሠንጠረዥን፣ አንድ ጊዜ በኤክሴል ሌላ ጊዜ በሊብሬኦፊስ የሠራ ተማሪ አሳቡን ከመልኩ ለይቶ ያውቃል። እንግዲህ ሁለቱን ሥርዓቶች ማሳየት የቅንጦት ነገር ሳይሆን የማስተማር ዘዴ ነው።

8. መደምደሚያና አስተያየት

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ አንድ ወጥ ምርጫ ለሁሉም እንደማይስማማ ያስረዳል። የወረዳ ጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል በአንድ ከተማ ቢገኙም ሥራቸው የተለያየ ነው። ጽሕፈት ቤቱ፣ በተለይም የሒሳብ ክፍሉ፣ የሚለዋወጣቸው ፋይሎችና የሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች እስካልተለወጡ ድረስ በሕጋዊ ዊንዶውስ ቢቀጥል ይሻላል። ዊንዶውስ 11ን የማይችሉ አሮጌ ማሽኖች ያሉት የትምህርት ቤት ክፍል ግን ማሽኖቹን ከመጣል ወይም ያለ ጥበቃ ከመተው በሊኑክስ ቢያሠራቸው የሚያተርፈው ይበልጣል። ሆኖም ይህ ፍርድ የሚጸናው ጥቂት ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው።

አንደኛ፣ ከማንኛውም ለውጥ በፊት የአማርኛ ፋይሎች ከአሮጌ ፎንቶች ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ፤ አዲስ የሚጻፈውም ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን። ይህ በዊንዶውስ ለሚቀጥለውም መሥሪያ ቤት ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ሊኑክስ በቀጥታ ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ ዲስክ ተነሥቶ ይሞከር። ሥርዓቱ በዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነካ ከፍላሽ ሊሠራ ስለሚችል፣ ፕሪንተሩ፣ ኔትወርኩና ድምፁ መሥራታቸውን በግማሽ ቀን ማረጋገጥ ይቻላል። ያልሠራው ማሽን በነበረበት ይቆይ።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከሁለት ያላነሱ መምህራን ይሠልጥኑ፤ አንዱ ሲዛወር ሌላው እንዲቀር። ሥልጠናው የሚሰጠው በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ ቢሆን፣ አዲስ ተመራቂ መምህር ሁለቱንም ሥርዓቶች አውቆ ወደ ሥራ ይሰማራል።

አራተኛ፣ በየክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ማሽኖች በዊንዶውስ ይቆዩ፤ ተማሪው ንጽጽሩን በእጁ እንዲያደርግ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተናም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጠይቅ እንደሆነ አስቀድሞ እንዲለማመድ።

አምስተኛ፣ ለፈተናና ለሪፖርት የሚዘጋጁ ፕሮግራሞችን የሚያዝዙ አካላት ፕሮግራሙ በሁለቱም ሥርዓቶች እንዲሠራ በውላቸው ውስጥ ይጠይቁ። ይህ ካልተደረገ የሀደሮ መምህር ምርጫ አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ውል ሳያውቀው ተወስኖ ይጠብቀዋል።

የፕላን ባለሙያዎች የኮምፒውተር ግዥ ሲያቅዱ እስካሁን በብዛት የሚቆጥሩት የማሽኑን ብዛት ነው። በሚቀጥለው ዕቅድ ከማሽኑ ብዛት አጠገብ የሠለጠኑት መምህራን ቁጥር፣ ወደ ዩኒኮድ የተለወጡት ፋይሎች መጠንና በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠሩት ማሽኖች ድርሻ አብረው ቢመዘገቡ፣ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ የሚለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ በማስረጃ ሊመለስ ይችላል።